ወግና እሴት ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት ይተላለፋል

ሕፃን ሲወለድ መጥባትና ማልቀስ ያውቃል። ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫው መነሳትን፣ ተራ መጠበቅን፣ ሐዘን ላይ የተቀመጠን ጎረቤት ሄዶ ማጽናናትን ግን ይዞ አይወለድም። እነዚህን ሁሉ የሚያገኛቸው ከሰው መሀል በመኖር ነው። በሥነ ማኅበረሰብ ጥናት ይህ ሂደት ማኅበራዊነት ይባላል። አዲስ የተወለደ ልጅ፣ ወይም ወደ አዲስ ማኅበረሰብ የገባ አዋቂ፣ የዚያን ማኅበረሰብ አኗኗር የራሱ አድርጎ የሚይዝበት መንገድ ነው።

እሴትና ደንብ አብረው ይነገራሉ እንጂ አንድ አይደሉም። እሴት ማኅበረሰቡ መልካም ነው ብሎ የሚይዘው ነገር ነው፤ ታላቅን ማክበር፣ እንግዳን መቀበል፣ የተቸገረን መርዳት። ደንብ ደግሞ ያ እሴት በዕለት ኑሮ የሚገለጥበት ሥርዓት ነው። እንግዳ መቀበል እሴት ነው፤ ቤት የመጣን ሰው አንዳች ነገር ሳያቀምሱ አለመሸኘት ደንብ ነው። የደንቦችም ክብደት ይለያያል። አሜሪካዊው ሊቅ ዊልያም ግራሃም ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሲጣሱ ከሣቅና ከተግሣጽ የማያልፉትን ልማዶች የማኅበረሰቡን ቁጣ ከሚያስነሱት ለይቶ አስቀምጧል። በግራ እጁ ሊጎርስ የቃጣ ልጅ «በቀኝህ!» ይባላል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እናቱን የመታ ልጅ ግን ሰፈር ይነጋገርበታል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ እርግማንም ይፈራበታል። ልጁ ሁለቱን ደንቦች ሲማር የክብደታቸውንም ልዩነት አብሮ ይማራል። የሚመዝነውም ከአዋቂዎች ፊትና ድምፅ እያነበበ ነው።

ልጅ ከሰው ተለይቶ ቢያድግ ምን እንደሚጎድለው ሆን ብሎ መሞከር አይቻልም፤ ግፍ ነው። በግፍ የደረሱ ጥቂት ታሪኮች ግን መልሱን ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 በሎስ አንጀለስ የተገኘችውና ተመራማሪዎች ማንነቷን ለመሸፈን «ጂኒ» ብለው የጠሯት የ13 ዓመት ልጅ፣ አብዛኛውን ዕድሜዋን ክፍል ተዘግቶባት የሚያናግራት ሳታገኝ ያሳለፈች ነበረች። ከተገኘች በኋላ ብዙ ቃላት ለመደች፤ ቃላቱን በሰዋስው አገጣጥሞ መናገር ግን ሳይሆንላት ቀረ። ለሰው ተፈጥሮአዊ የሚመስሉ ብዙ ነገሮች ሌላ ሰው ካልኖረ የማይበቅሉ ናቸው።

ሰው ካለ ግን ትምህርቱ አፍ ሳይፈታ ይጀምራል፤ በማየት። ቪክቶሪያ ሆርነርና አንድሪው ዋይተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ ሽልማት የተቀመጠበት ሣጥን እንዴት እንደሚከፈት ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች፣ እንዲሁም ለቺምፓንዚዎች አሳዩ። ከሚያሳዩት ድርጊት ከፊሉ ሣጥኑን ለመክፈት ምንም አይረዳም። ሣጥኑ ውስጡን የሚያሳይ ሆኖ ሲሠራ ቺምፓንዚዎቹ የማይረዳውን ድርጊት ትተው በቀጥታ ወደ ሽልማቱ ሄዱ። ልጆቹ ግን የማይረዳውንም ጨምረው ደገሙት። ላይ ላዩን ሲታይ ቺምፓንዚዎቹ የበለጡ ይመስላል። ነገሩ ግን የሰው ልጅ ባህል የሚተላለፍበትን በር ያሳያል። ቡና ሲፈላ ቄጠማ መጎዝጎዙ፣ ዕጣን መጨሱ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስቴ መቀዳቱ ለቡናው መፍላት አያስፈልግም። ልጅ የሚጠቅመውን ብቻ የሚይዝ ቢሆን ኖሮ እነዚህ በአንድ ትውልድ ይጠፉ ነበር። ልጅ ግን ምክንያቱ ባይገባውም፣ የሚያምናቸው ሰዎች ተጠንቅቀው የሚያደርጉትን ነገር «እንዲህ ነው የሚደረገው» ብሎ ይይዘዋል። ትርጉሙን በኋላ ይደርስበታል፤ አንዳንዱን ሳይደርስበትም ለልጁ ያስተላልፈዋል።

ከማየት ቀጥሎ ሥራ ይመጣል። በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች ልጅ ቁጭ ብሎ ሲመከር ከሚማረው ይልቅ ሲላክ የሚማረው ወግ ይበዛል። «ሂድና እነ እማማን ቡና ደርሷል በላቸው» የተባለ ልጅ ከዚያች አጭር ጉዞ ብዙ ይዞ ይመለሳል። ማን ጎረቤት እንደሆነ፣ ማን አስቀድሞ እንደሚጠራ፣ ደጅ ላይ ቆሞ እንዴት እንደሚጣራ፣ መልእክት ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ እንዴት እንደሚያደርሱ ይማራል። የትኛው ቤት እንደማይጠራ ካስተዋለም ኩርፊያ የሚባል ነገር መኖሩን ይደርስበታል። ማስታጠብም እንዲሁ ነው። ማንቆርቆሪያውን የያዘ ልጅ ከማን መጀመር እንዳለበት ለማወቅ በክፍሉ ያለውን ሰው ሁሉ በዓይኑ እያየ በዕድሜና በክብር መመደብ አለበት። ከተሳሳተ አንዱ ትልቅ ሰው እጁን ሰብስቦ «ከእሳቸው ጀምር» ይለዋል። ትምህርቱ በሁለት ቃል ያልቃል፤ የሚቀረው ግን ዕድሜ ልክ ነው።

ቋንቋውም ራሱ አስተማሪ ነው። አማርኛ የሚናገር ልጅ ግሥ በሁለተኛ መደብ ባረባ ቁጥር አድማጩ ታላቅ ነው ወይስ ታናሽ፣ ታናሽ ከሆነም ወንድ ነው ወይስ ሴት ብሎ መምረጥ ግድ ይለዋል። አፉን በፈታበት ሰሞን ሁሉንም «አንተ» ይላል፣ ይሣቅለታልም። ትንሽ ካደገ በኋላ ግን ጎረቤቱን አዛውንት «አንተ» ቢል «አንቱ በላቸው» የሚለው አይጠፋም። ጋሼ፣ እትዬ፣ አባባ፣ እማማ የሚሉት መጠሪያዎችም ከዘመድ አልፈው ሰፈሩን ሁሉ የሚያካትቱ በመሆናቸው፣ ልጁ ያልወለዱትም ሊያዙት፣ ሊቆጡትና ሊጠብቁት እንደሚችሉ ያውቃል። መንገድ ላይ ሲደባደብ ያገኘው ማንኛውም ትልቅ ሰው ገላግሎ ይገሥጸው የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። በዛሬዎቹ የከተማ ኮንዶሚኒየሞች ይህ እየሳሳ መጥቷል፤ በር ዘግቶ መኖር ልጁን ከክፉ ሰው ቢጠብቀውም ከብዙ አስተማሪዎችም ይለየዋል።

ልጁ ስለ ራሱ የሚያስበውም ከሌሎች አስተያየት ተነሥቶ የሚገነባ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ማኅበረሰብ ሊቅ ቻርልስ ሆርተን ኩሊ እ.ኤ.አ. በ1902 እንዳስረዳው፣ ሰው ሌሎች እንዴት እንደሚያዩት ይገምታል፣ እንዴት እንደሚፈርዱበት ይገምታል፣ በዚያም ግምት ይኮራል ወይም ያፍራል። ጨዋ ልጅ ሲባል ደረቱን የሚነፋ፣ ባለጌ ሲባል አንገቱን የሚደፋ ልጅ ይህንኑ እየኖረ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ነቀፋው ከልጁ አልፎ ቤተ ሰቡን ይነካል፤ ያጠፋን ልጅ «አሳዳጊ የበደለው» ማለት ወላጆቹን መክሰስ ነው። ስለዚህ ልጁ ድርጊቱ የእሱ ብቻ አለመሆኑን ቀድሞ ይረዳል። ይህ ኃላፊነትን ያስተምራል። ከልክ ሲያልፍ ግን ልጁ «ትክክል ነው ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ሰው ምን ይለኛል?» በሚል ፍርሃት ብቻ እንዲመራ ያደርገዋል፤ የሚያይ ሰው በሌለበት ቦታ ደግሞ ያ ፍርሃት ዋጋ የለውም።

ኩርኩም፣ ቁንጥጫና አለንጋ ለረጅም ዘመን የአስተዳደግ መሣሪያ ሆነው ኖረዋል። ምን እንደሚያስተምሩ ግን መመርመር ይገባል። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 በስታንፎርድ ባካሄዱት ጥናት፣ አዋቂ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት በኋላ ብቻቸውን ሲሆኑ ምቱንም ስድቡንም ደገሙት። ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ጥናት ደግሞ፣ የደበደበው ሰው ሲቀጣ ያዩ ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ ደገሙ። ይሁንና ያየኸውን ካሳየኸኝ ትሸለማለህ ሲባሉ እነሱም እኩል አሳዩት። ቅጣቱ ድርጊቱን ደበቀው እንጂ ትምህርቱን አላጠፋውም። ታናሹን ስለመታ የሚመታ ልጅ በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር ይነገረዋል፤ በቃል መምታት ነውር ነው፣ በድርጊት ደግሞ የበረታ ይመታል። ቃልና ድርጊት ሲጣሉ ልጅ የሚይዘው ድርጊቱን ነው። ለወላጅ ከዚህ የከበደ እውነት የለም።

አዋቂዎች የማያዩት ሌላ ትምህርት ቤት ጨዋታ ነው። ጆርጅ ኸርበርት ሚድ የተባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ ልጅ በጨዋታ ማኅበረሰቡን የሚያውቅበትን መንገድ በሁለት ደረጃ ከፍሎት ነበር። የመጀመሪያው እቃቃ ነው ሊባል ይችላል። ልጅቱ እናት ትሆናለች፣ በቆርኪ ወጥ ትሠራለች፣ ቡና ትቀዳለች፣ «ልጇን» ትቆጣለች፤ የእናቷን ድምፅና የቁጣዋን ቃላት ሳይቀር ትወስዳለች። ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚያዝ፣ ማን እንደሚታዘዝ፣ የሴትና የወንድ ሥራ እንዴት እንደተከፈለ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የዚያን ቤት ልጆች እቃቃ ሲጫወቱ ቆሞ ቢያይ ይበቃዋል። በሁለተኛው ደረጃ ሕግ ያለው ጨዋታ ይመጣል፤ ሰኞ ማክሰኞ፣ ብይ፣ ድብብቆሽ፣ ኳስ። እዚህ አንድን ሰው መምሰል አይበቃም። ሁሉም ተጫዋች ከሁሉም ምን እንደሚጠብቅ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ የሥነ ምግባር ዕድገትን ሲያጠና የጀመረው ከዚሁ ከብይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሰፈረው፣ ትናንሾቹ ልጆች የብይ ሕግ ከአባቶች ወይም ከእግዚአብሔር የመጣና የማይለወጥ ነው ይላሉ፤ ሲጫወቱ ግን እንደፈለጉ ያፈርሱታል። አሥር ዓመት ያለፋቸው ልጆች ደግሞ ሕጉ በስምምነት የቆመ መሆኑን፣ ሁሉም ከተስማማ ሊለወጥ እንደሚችል ያውቃሉ፤ ሲጫወቱም በጥብቅ ያከብሩታል። ሕግን ከላይ ወርዶ የተጫነ አድርጎ ከሚያየው ይልቅ የእኔም ነው የሚለው ልጅ ይበልጥ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ልጆች ደንብ ከመከተል አልፈው ደንብ አስከባሪ የሚሆኑትም ቀደም ብለው ነው። ሐነስ ራኮቺ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በጀርመን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ የ3 ዓመት ልጆች አዲስ ጨዋታ ከተማሩ በኋላ አንድ አሻንጉሊት ሕጉን ሲጥስ ሲያዩ ማንም ሳያዛቸው «እንዲህ አይደለም!» እያሉ ተቃወሙ።

የእንቆቅልሽ ጨዋታም በዚህ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። መልሱን ያጣ ልጅ አገር መስጠት አለበት፤ ጠያቂውም አገሩን ተቀብሎ ተሸናፊውን በቃላት እየሸነቆጠ መልሱን ይነግረዋል። ሽንፈትን በሣቅ መቀበል፣ ተራን መጠበቅ፣ ስድብ እንኳ ወሰን እንዳለው ማወቅ በዚች አጭር ጨዋታ ውስጥ አሉ። ለቡሄ ከቤት ቤት የሚዞሩ ወንዶች ልጆችም አውራጅ ይመርጣሉ፣ ተቀባዮች ይሆናሉ፣ ያገኙትን ሙልሙልና ገንዘብ ይካፈላሉ። አውራጁ ድርሻ ቢያበላሽ በሚቀጥለው ዓመት ተከታይ አያገኝም። ይህን የሚያስተምራቸው አዋቂ በአጠገባቸው የለም።

ከቤትና ከሰፈር ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ ሌላ ዓይነት ደንብ ይገጥመዋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ከደገመ በኋላ ዜማና ቅኔ ፍለጋ ከአገሩ ርቆ የሚሄደው የቆሎ ተማሪ በየደጁ ቆሞ በማርያም ስም እየለመነ ይኖራል። ልመናው ከረሀብ መውጫ ብቻ አይደለም። የባለጸጋውም የድኃውም ልጅ እኩል ለምድ ለብሶ፣ ከውሻ እየታገለ ቁራሽ ሲለምን ትሕትናን በአካሉ ይማራል። የሚሰጡት ቤተ ሰቦችም ልጆቻቸው እያዩ መስጠትን ያስተምራሉ። በወሎና በሌሎች የሙስሊም አካባቢዎችም ልጆች በሰሌዳ ላይ እየጻፉ ቁርኣን ሲቀሩ ከንባቡ ጋር የመምህር አክብሮትን፣ ንጽሕናንና የሰላት ሰዓትን አብረው ይይዛሉ።

ፈረንሳዊው የሥነ ማኅበረሰብ ሊቅ ኤሚል ዱርኬም ለዘመናዊው ትምህርት ቤት የሰጠው ቦታ ትልቅ ነው። በቤት ውስጥ ደንብ ከፍቅርና ከዝምድና ጋር የተደባለቀ ነው፤ እናት ለታመመው ልጅ ታደላለች፣ ትክክልም ነው። ክፍል ውስጥ ግን ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው። ልጁ ለማያውቀው ሰውም የሚሠራ ሕግ መኖሩን የሚማረው እዚያ ነው፤ ያለዚህ ትምህርት ዘመድ የማይለይ ዳኛም፣ ወገን የማይመርጥ ሹምም አይገኝም። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ፊሊፕ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳሳየው ደግሞ፣ ትምህርት ቤት በመጽሐፍ ካሰፈረው ውጭ ሳይናገር የሚያስተምረው ብዙ ነው። ልጅ በብዙ ሰው መሀል መጠበቅን፣ በሌሎች ፊት መመዘንን፣ ለሥልጣን መታዘዝን ይለምዳል። በኢትዮጵያ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል መሰለፍ፣ መምህር ሲገባ መነሳት፣ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት ማንበብ የዚሁ አካል ናቸው። ግብረ ገብ የሚባለው ትምህርት በንጉሡ ዘመን ይሰጥ ነበር፤ በኋላ በሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ተተካ፤ በቅርቡም ወደ አንደኛ ደረጃ ተመልሷል። የትምህርቱ ስም የሚለውጠው ጥቂት ነው። ስለ ሐቀኝነት አስተምሮ ፈተና ሲሰረቅ ዝም የሚል ትምህርት ቤት ያስተማረው ዝምታውን ነው።

ማኅበራዊነት በልጅነት አያበቃም። ትዳር፣ ሥራ፣ ውትድርና፣ ከገጠር ወደ ከተማ መግባት ሁሉም አዲስ ደንብ ይዘው ይመጣሉ። አዲስ አበባ ገብቶ ቤት የያዘ ሰው የሰፈሩን ወግ በፍጥነት የሚማረው በእድር ነው። መተዳደሪያ ደንብ ይሰጠዋል፤ ወርኃዊ መዋጮ፣ ቀብር ላይ መገኘት፣ ድንኳን መትከል፣ ሐዘንተኛ ቤት መቀመጥ፣ ሲቀር የሚከፍለው ቅጣት ተጽፎ ይነገረዋል። ከገንዘብ ቅጣቱ ይልቅ የሚያስፈራው መባረር ነው፤ ቀባሪ ማጣት ማለት ነውና። እድር እሴትን በጽሑፍ ደንብ፣ ደንቡን ደግሞ በድርጊት የሚያጸና ተቋም በመሆኑ፣ አዋቂዎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚተራረሙ ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንደገና መማር የሚጠይቀው ግን ስደት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1991) ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሆነው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የገቡት የኢትዮጵያ አይሁዳውያን፣ ቤተ እስራኤላውያን፣ ይህን በጽኑ አይተውታል። በጎንደር መንደሮች ልጅ በታላቅ ፊት ዓይኑን ዝቅ አድርጎ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ ሲጠየቅ ብቻ ይናገር ነበር። ይህ ጨዋነት በእስራኤል ክፍል ውስጥ ድፍረት ማጣት ወይም አለማወቅ መስሎ ታየ። ልጆች ዕብራይስጡን ከወላጆቻቸው ፈጥነው በመያዛቸው በክሊኒክና በመሥሪያ ቤት አስተርጓሚ ሆኑ። አባት በልጁ አፍ የሚናገር ሆነ፤ ታዛዡና አዛዡ ቦታ ተለዋወጡ። ብዙ ወጣቶች አዳሪ ትምህርት ቤት መግባታቸውም የቤቱን ትምህርት በሩቅ አስቀረው። ሽምግልናውና የቄሶቹ ክብር አዲሱን ሥርዓት ተቋቁሞ ለመቆም ብዙ ታገለ። ማኅበረሰቡ ግን ሁሉን አላጣም። የራሱ የስግድ በዓል በአደባባይ መከበሩ ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ብሔራዊ በዓል እንዲሆን በሕግ ወሰነ። ከኢትዮጵያ የወጣ ወግ የሌላ አገር ልጆች በትምህርት ቤት የሚሰሙት ሆነ።

ሁሉም የተወረሰ ደንብ ሊወረስ የሚገባው አይደለም። የሴት ልጅ ግርዛት፣ የልጅነት ጋብቻና ጠለፋም በተመሳሳይ መንገድ፣ በማየት፣ በመላክ፣ በኀፍረትና በሙገሳ ነው የተወረሱት። እነዚህን በምክር ብቻ ማስቆም የሚያዳግትበት ምክንያት አለ። ጉዳቱን የሚያውቅ ወላጅ እንኳ «ሌሎቹ ካልተዉ የእኔ ልጅ ባል ታጣለች» ብሎ ይፈራል። ደንቡን የሚያቆመው የእያንዳንዱ ሰው እምነት ሳይሆን እያንዳንዱ ከሌላው የሚጠብቀው ነገር ነው። ጄሪ ማኪ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳመለከተው፣ በቻይና ለዘመናት የኖረው የሴቶችን እግር ጠፍሮ ማሳነስ በፍጥነት የተወገደው፣ ቤተ ሰቦች በማኅበር ተደራጅተው የሴት ልጆቻቸውን እግር ላለመጠፈር፣ ወንዶች ልጆቻቸውንም እግሯ ለተጠፈረ ላለመዳር ቃል ሲገቡ ነበር።

በከምባታም የሆነው ይህን ይመስላል። ቦጋለች ገብሬ ከእህቷ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ያቋቋመችው፣ ኬኤምጂ ኢትዮጵያ በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት ስለ ግርዛት ከመናገሩ በፊት የአካባቢው ሰው የጠየቀውን ድልድይ አሠራ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ ወጣት ወንዶችና የሃይማኖት አባቶች በአንድ ላይ እየተቀመጡ ለወራት ተወያዩ። ልጃገረዶች እንደማይገረዙ፣ ወንዶችም ያልተገረዘች እንደሚያገቡ በሕዝብ ፊት ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ወንድና አንዲት ያልተገረዘች ሴት ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሠርግ ይህንኑ አውጀው ተጋቡ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። በዚያ ሠርግ ላይ የነበሩ ልጆች አዲሱን ደንብ የተማሩት አያቶቻቸው አሮጌውን በተማሩበት መንገድ ነው፤ በዓይናቸው አይተው፣ ታላላቆቻቸው ሲያከብሩት ተመልክተው። ግርዛትን ወንጀል አድርጎ የደነገገው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ከዚያ በኋላ፣ ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ነው።